ካርዱ «ድባቴ» ይላል፣ እሷ የምታወራው ስለ መሬቷ ነው

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም አካባቢ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነኝ። አንዲት እናት የሕክምና ካርዷ ላይ «ድባቴ» (ድብርት) ተብሎ ተጽፎላት ክኒን ጀምራለች። አፏን ከከፈተች ግን ወሬዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ወንድሞቹ ስላረሱባት መሬት ብቻ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ ከጉያዋ አታወጣውም። የቱን ልያዝ፣ ሕመሙን ወይስ የመሬቱን ጉዳይ?

— ሁለቱንም፣ እህቴ። ክኒኑን በራሷ እንዳታቆም፤ ድንገት ማቋረጥ ይጎዳል። ደብተሩ ላይ ስሟ አለ? እኛ አማራ ክልል የባልና የሚስት ይዞታ በጋራ ነው የሚመዘገበው።

— ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1978 በአእምሮ ሐኪሙ ፍራንኮ ባዛሊያ ስም በሚጠራው ሕግ የአእምሮ ሆስፒታሎቿን መዝጋት ስትጀምር ክርክሩ ይኸው ነበር፤ በሽታው ታይቶ ሰውየው ተረሳ የሚል። እኛ ጋ ግን ሐኪሙም ብርቅ ነው፤ ትችቱን እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም።

— ጸበል ከሄደች መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ።

ጠያቂዋ፦ ስሟም ፎቶዋም አለበት! ሰኞ አብረን መሬት አስተዳደር እንሄዳለን።