«ሙሉ ውክልና» ሲባል ምኑ ነው የሞላው?

ፊደል ለቃሚ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አክስቴ ከዋሽንግተን የላከችልኝ ወረቀት «ማንኛውንም ንብረቴን በተመለከተ እንደ እኔ ሆኖ እንዲሠራ ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ» ይላል። ቤቷን ልሸጥ ስሄድ መስኮት ላይ ያለው ልጅ «መሸጥ የሚል የለበትም» ብሎ መለሰኝ። «ማንኛውንም» እና «ሙሉ» ከተባለ ወዲያ ምን ቀረ?

ሰምና ወርቅ፦ መጀመሪያ ነገር «ውክልና» የእኛ ቃል አይመስለኝም። የዓረብ «ወኪል» ነው፤ ከነጋዴ ጋር በምጽዋ የገባ።

የቆሎ ተማሪ፦ ምነው ወንድሜ፣ ዳዊት አልደገምክም? መዝሙር 10፦ «በእግዚአብሔር ተወከልኩ»። ዳዊትም በምጽዋ ገባ?

ሰምና ወርቅ፦ እሱማ «ታመንኩ» ነው።

የቆሎ ተማሪ፦ ጨዋታው እዚያ ላይ ነዋ! በግዕዙ «ተወከለ» የሚባለው አማኙ ነው፤ በአማርኛ «ተወካይ» የምንለው ደግሞ የታመነውን። በግዕዙ ከሄድን ተወካይዋ አክስቲቱ ናት።

ሰምና ወርቅ፦ «ተ» ካለበት ተደራጊ ነው፣ አለቀ።

የቆሎ ተማሪ፦ «ተናገረ» ላይስ «ተ» የለም? ማን ነገረው? እኔ ዋሸራ ሦስት ዓመት ቅኔ ቆጥሬ ነው የምናገረው።

ሰምና ወርቅ፦ በሦስት ዓመት ከመጀመሪያዋ የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና ሳትወጣ ቀርተህ ይሆናል።

ችሎት ዳር፦ የመስኮቱ ልጅ ልክ ነው። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፤ ዕዳ መሰብሰብ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ የመሳሰለው። ቁጥር 2205ን እዩት፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «እንዲሸጥ» የሚለው ቃል ይጻፍበት።

እመት ሰዋስው፦ ልጆቼ፣ «እንደራሴ» እያለ በተውሶ ምን አደከማችሁ? ተፈሪ በ1909 ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሲባሉ ማን ውክልና አላቸው? ይልቅ የሚገርመኝ፣ «የንግሥቲቱ እንደራሴ» ስንል «ራሴ» የማን ራስ ነው? «እንደራሷ» አይባል ነገር!

ሰምና ወርቅ፦ «ራስ» ማዕረጉ ቢሆንስ እማማ?

እመት ሰዋስው፦ አይሆንም።

ፊደል ለቃሚ፦ ችሎት ዳር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ታች ላይ «ጠበቃ እንዲያቆም» ይላል። የያዝነውን ጠበቃ ሥራ ያስቁመው ማለቷ ነው?

የቆሎ ተማሪ፦ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የቆመ ሰው ሥራ አቆመ ይባላል?