«ለእናንተ ኖርማል ነው» ተብዬ መጣሁ፤ «እናንተ» እነማን ነን?

ድሬ_ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ጀመዓ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለዓመታዊ ምርመራ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ከነጭ የደም ሕዋሶቼ ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባለው 1,300 ሆኖ ተገኘ። የላብራቶሪው ዝቅተኛ ልክ 1,500 ስለሆነ ቁጥሬ በቀይ ተጽፏል። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «ለጥቁሮች ይሄ ኖርማል ነው፣ አትጨነቂ» ብላ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች። አስር ሰከንድ አልፈጀባትም።

ቤት ገብቼ የድሮ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ የ2019 የኩላሊት ውጤቴን አገኘሁ፤ ኩላሊት ደምን ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚያሳየውን ቁጥር። ያኔ ልብ አላልኩትም እንጂ ሁለት መስመር አለው። «አፍሪካን አሜሪካን ካልሆኑ፦ 68»። ከሥሩ ደግሞ «ከሆኑ፦ 79»። አቦ! አንድ ክንድ፣ አንድ መርፌ፣ አንድ ብልቃጥ ደም። ኩላሊቴ ግን ሁለት ዓይነት።

ለአክስቴ ልጅ ብነግራት «እኛ ሐበሻ ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም፣ የላይኛውን ውሰጂ» አለችኝ። እንደ ጫማ ቁጥር። ባለቤቴ የሐረር ልጅ ነው፤ አያቱ ደግሞ የየመን ሰው ነበሩ። ታዲያ ልጃችን በየትኛው መስመር ልትገባ ነው? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ደገኛው

እህት፣ አታስቢ። የሐበሻ ደም የተለየ ነው። ከፍታ ላይ ስለምንኖር ነው። ሯጮቻችንን አታዪም? የፈረንጅ ልክ ለኛ አይሠራም። ቀይ ሥር ብዪበት፣ ይስተካከላል።

ስላይድ_ቆጣሪ

ደገኛው ወንድሜ፣ ልጅቷ እኮ የድሬ ልጅ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። የምን ከፍታ? ደግሞስ የየትኛው ሐበሻ ደም? ሰሜን ተራሮች ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ተለክተው ሄሞግሎቢናቸው (ደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው) ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም ሳይለይ ተገኝቷል። ባሌ ውስጥ 4,000 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሲለኩ ግን ከፍ ብሎ ታየ። ሁለቱም ኢትዮጵያዊ፣ ሁለቱም እንዳንተ ደገኛ። የቀይ ሥሩን ነገር ግን አልቃወምም፣ እኔም እወዳለሁ።

እህቴ፣ ወዳንቺ ልምጣ። ቨርጂኒያ ከመምጣቴ በፊት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ክረምቱ ከወጣ እስከ ኅዳር ድረስ ሥራዬ የወባ ስላይድ ማየት ነው። ኮሌጅ እያለን እንደ ቃለ መሐላ የሸመደድናት አንዲት ነገር ነበረች፦ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት አፍሪካውያንን አይዝም ማለት ይቻላል።

እሺ። ሰኞ ጠዋት ነው። ደጁ በሰው ተሞልቷል። ስላይዱ ላይ ዘይት ጠብ አድርጌ ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ አሳርፋለሁ። ቀይ ሕዋሱ አብጧል። ውስጡ ቅርጽ የሌለው ነገር ተንሰራፍቷል። ዙሪያውን ደቃቅ ሮዝ ነጠብጣብ ተበትኗል። ቫይቫክስ! የሚቀጥለው ሰው? እሱም። ፒቪ፣ ፒቪ፣ ፒኤፍ፣ ፒቪ እያልኩ መዝገቡን እሞላለሁ፤ ፒቪ ቫይቫክስ ነው፣ ፒኤፍ ደግሞ ፋልሲፓረም የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት። ደጅ የሚንቀጠቀጡት ሰዎች አፍሪካዊ መሆናቸውን የነገራቸው የለም መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይቫክስ ቀይ ሕዋስ ውስጥ የሚገባው ዳፊ በሚባል በር ነው። ይህ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታወቀ። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ይህ በር በቀይ ሕዋሱ ላይ ያለው ሰው የለም ማለት ይቀላል። እሱን አይተው «አፍሪካ» ብለው ጻፉት። እኛ ጋ ግን ያለውም የሌለውም አለ። የአንድ እናት ልጆች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ይባስ ብሎ በሩ የሌላቸው ኢትዮጵያውያንም ቫይቫክስ ተገኝቶባቸዋል።

ይህን ሁሉ የማወራው ያንቺም ጉዳይ ይኸው ዳፊ ስለሆነ ነው። ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ የሚቆጠረው ኒውትሮፊል ዝቅ ይላል። ጤነኛ ናቸው፤ ልካቸው ነው። ሐኪምሽ «ጥቁር» ስትል ይህን ማለቷ ነበር። ግን ዳፊ ቆዳ አይቶ አይመጣም፤ የትኛው ቤት እንደምትሰግጂም አይጠይቅም። ከየመን በመጡ አይሁዶችና በብዙ ዓረቦችም ላይ ይኸው ዝቅ ያለ ቁጥር ይታያል። ስለዚህ የልጅሽ ዳፊ የማጣት ዘር ካንቺም ሊመጣ ይችላል፣ ከየመኑ ቅድመ አያቷም። የአክስትሽ ልጅ «ጥቁር አይደለንም» ማለቷም፣ ሐኪሟ «ጥቁር ነሽ» ማለቷም ያው አንድ ስህተት ነው። ሁለቱም የደሙን ብልቃጥ ሳያዩ ፊት አዩ። ዳፊ ደግሞ በደም ምርመራ ይታወቃል። ይታዘዝልኝ በያት።

የኩላሊቱ ሁለት መስመር ቀርቷል። የድሮው ቀመር ጥቁሮች ጡንቻቸው ይበዛል ከሚል ግምት ተነስቶ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። 68ን አባዢው፣ 79 ይመጣልሻል። ላንቺ ያስቃል። እውነተኛ ቁጥሩ 18 ለሆነ ሰው ግን አያስቅም። እዚህ አገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ መቆጠር የሚጀምረው ቁጥሩ ወደ 20 ሲወርድ ነው። ሲባዛ 21 ይሆናል፤ ሰውየው ወረፋ ውስጥ አይገባም። በ2021 ዘር የማይጠይቅ ቀመር ወጣ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በዚህ ምክንያት ወረፋቸው የዘገየባቸው ጥቁር ሕመምተኞች ጊዜው እንዲታሰብላቸው ተደረገ።

አዋላጇ (ኦስሎ)

ስላይድ_ቆጣሪ ሁሉንም ብሎታል። እኔ የሃይማኖቱን ብቻ ልጨምር።

እኔ በምሠራበት ማዋለጃ ክፍል ስለ ግርዛት የሚጠየቁት ሒጃብ የለበሱት ናቸው። እንዲህ አድርጉ ተብሎ የተጻፈ መመሪያ የለም፤ አፍ ለምዶ ነው። አንድ ሌሊት የሰሜን ሸዋ ልጅ ገባች። አንገቷ ላይ ማተብ አለ። በእርግዝናዋ ጊዜ ሁሉ የጠየቃት አልነበረም። እኛም ያወቅነው ልጁ ሊወጣ ሲገፋ ነው። ኖርዌጂያኗ ባልደረባዬ ደንግጣ «ክርስቲያን አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። እጄ ሥራ ላይ ስለነበር መልስ አልሰጠኋትም። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 ከመቶው ተገርዘዋል። ሶማሌ ክልል 99፣ ትግራይ 24 ከመቶ። መስቀል ያሰረውንም ሒጃብ የለበሰውንም ነክቷል።

ግን እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከዚያ በኋላ የመጣችልኝን አንዲት የአዲስ አበባ ሙስሊም ሳልጠይቅ «ተገርዛለች» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ስመረምራት ምንም የለም። ወረቀቱን አይታ «አባቴ እምቢ ብሎ ከአያቴ ጋር ስንት ዓመት ተኳርፏል፣ አንቺ በአንድ እስክሪብቶ ገረዝሽኝ?» አለችኝ። አሁን ሁሉንም እጠይቃለሁ። ፊንላንዳውያኑን ሳይቀር። ግራ ገብቷቸው ያዩኛል።

ድሬ_ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጀመዓ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ሐኪሟ መጀመሪያ ፊቷን አጥቁራ ነበር፤ በኋላ ግን አዘዘችልኝ። ዳፊ አለኝ! በሩ ከነመቃኑ አለ። ስለዚህ «ለእናንተ ኖርማል ነው» የተባለው ለኔ አልሆነም። ሌላ ምክንያት ስትፈልግ ቫይታሚን ቢ12 ዝቅ ብሎ ተገኘ። ወዲያው ፊቷ በራ። «ኢትዮጵያውያን ከዓመቱ ግማሹን ሥጋ አትበሉም አይደል? በጾሙ ነው!» አለችኝ። የሆነ ቦታ አንብባ መሆን አለበት።

«ዶክተር፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ትናንት ማታ እንኳ ጥብስ ነው የበላሁት» አልኳት።

በመጨረሻ የምወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ገለጠችው። ለስኳሬ ስድስት ዓመት ሙሉ ሜትፎርሚን እየወሰድኩ ነው። ቢ12ን ዝቅ ያደርጋል አሉ፤ ኒውትሮፊሉም በዚያ ሳይሆን አይቀርም። ዝርዝሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊት ለፊቷ ነበር። አሁን የቢ12 መርፌ ጀምሬያለሁ፤ ከሁለት ወር በኋላ ደሜ ድጋሚ ይታያል።

ለደገኛው፦ ቀይ ሥሩንም እየበላሁ ነው።