የኦፔራ ዘፋኞችን የሥራ ታሪክ ከፕሮግራም መጽሔት ላይ እንዴት ነው የምታነቡት?

መጋረጃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ የ«ፊጋሮ ጋብቻ» ዝግጅት የተዋንያኑን የሥራ ታሪክ አሳጥሬ እንዳቀርብ ተሰጥቶኛል። ከወኪሎቻቸው የመጡት መግለጫዎች እያንዳንዳቸው 200 ቃል ገደማ ናቸው፤ ሲነበቡ ግን ሁሉንም አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። ሁሉም «በዓለም አቀፍ መድረኮች ተፈላጊ» ነው፣ ሁሉም የታላላቅ ኦፔራ ቤቶችን ስም ይደረድራል።

የትኛው መስመር ክብደት እንዳለው በምን ይለያል? አንዲት ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) በዚሁ ኦፔራ ድሮ የባርባሪናን ትንሽ ሚና ስትዘፍን ቆይታ አሁን ዋናዋን ሱዛናን ሆናለች መባሉስ ምን ይነግረናል? ደግሞም «ቋሚ ዘፋኝ»፣ «እንግዳ»፣ «ተጠባባቂ» የሚሉት በሙያም በገቢም ልዩነታቸው ምን ያህል ነው? የምታውቁ ብትዘረዝሩልኝ አመሰግናለሁ።

አጃቢ ፒያኖ፦

የኦፔራ ቤቱ ስም ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ወንድሜ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ነገር ፈልግ፦ ሚናው ምንድን ነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው፣ ዘፋኙ በዚያ ምሽት በእርግጥ መድረክ ላይ ወጥቷል ወይ። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ነው የተተወው። «በሜትሮፖሊታን ኦፔራ ተሳትፏል» የሚል መስመር ዋና ሚና ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሐረግ ዘፍኖ የሚወጣ መልእክተኛም ሊሆን ይችላል፤ ተጠባባቂ ሆኖ አንድም ምሽት ሳይዘፍን ወቅቱ ያለቀበት ሰውም እንዲሁ ሊጽፍ ይችላል። «ከእገሌ ኮንዳክተር ጋር ሠርታለች» ተብሎ ሚናው ካልተጠቀሰ ኮረስ ውስጥም ሊሆን ይችላል። «ከሚናዎቿ መካከል ቶስካ፣ ሚሚ እና ቪዮሌታ ይገኛሉ» የሚለው ደግሞ ቤት ካልተጠቀሰለት ያጠናቻቸው ወይም በትምህርት ቤት ትዕይንት ትዕይንቱን ብቻ የዘፈነቻቸው ናቸው ብለህ ጀምር፤ ማስረጃ ስታገኝ ትለውጠዋለህ።

ለእኔ ትልቁ ቃል «ተመልሳ» ነው። አንድ ቤት ዘፋኝን መጀመሪያ ሲቀጥር ያለው መረጃ ጥቂት ነው፤ የአሥር ደቂቃ ኦዲሽን (ለመመረጥ የሚዘፈን ሙከራ) እና የሌሎች ሰዎች አስተያየት። ሁለተኛ ሲጠራት ግን ሚናውን አጥንታ መምጣቷን፣ ልምምድ ላይ ሰዓት ማክበሯን፣ ከአዘጋጁ ጋር መግባባቷን፣ በስድስተኛው ምሽትም ድምፇ እንደ መጀመሪያው መሆኑን አይቶ ነው። በዚያው ቤት በሞዛርት «አስማተኛው ዋሽንት» ትንሿን ሚና ፓፓጌናን ዘፍና ከሦስት ዓመት በኋላ ለዋናዋ ለፓሚና ከተጠራች ያ አንድ መስመር ከአሥር የውድድር ሽልማት ይበልጣል። ሽልማት በር ይከፍታል፣ ለዚያውም ለወጣቶች ብቻ፤ ለምሳሌ ኦፔራሊያ የሚቀበለው ከ18 እስከ 32 ዓመት ያሉትን ነው። የ45 ዓመት ዘፋኝ መግለጫ ዛሬም በውድድር የሚጀምር ከሆነ ከዚያ ወዲህ ምን ተሠራ ብለህ ጠይቅ።

ማጣራት ከባድ አይደለም። የሜትሮፖሊታን ኦፔራ መዝገብ ከ1883 (እዚህ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ያሉትን ትርኢቶች ከነተዋንያናቸው ይዟል። የቪየና ስቴት ኦፔራም ከ1955 ወዲህ ያለውን በኢንተርኔት ያስነብባል። ለሌሎቹ ኦፔራቤዝ በሚባለው የኦፔራ ትርኢቶች ድረ ገጽ ላይ ስሙን ከነሚናው ፈልግ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መግለጫ ስታሳጥር ለወኪሉ መልሰህ አሳየው፤ አብዛኛዎቹ ያለፈቃድ እንዳይቀየር ብለው ግርጌው ላይ ይጽፋሉ። «በቅርቡ» ተብለው የተዘረዘሩትን ሥራዎች ደግሞ የሚያቀርባቸው ቤት ራሱ ካላስታወቀ አታትማቸው። ወቅቱን ማሳወቅ የቤቱ መብት ነው፤ ቀድሞ የወጣ ወሬ ዘፋኙን ከቀጣሪው ጋር ያጋጨዋል።

ሦስተኛ ገቢር፦

ስለ ባርባሪናና ሱዛና ላነሡት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ኦፔራ አያገኙም፤ የአንዲት ሶፕራኖ ሙሉ ዕድሜ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል።

ባርባሪና የጠፋባትን ስፒል እየፈለገች የአራተኛውን ገቢር መክፈቻ ትዘፍናለች፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ከስቱዲዮ (ኦፔራ ቤቱ ወጣት ዘፋኞችን ከሚያሠለጥንበት) ለወጣች ወይም ገና እዚያ ውስጥ ላለች ልጅ የሚሰጠውም ለዚህ ነው፤ ቤቱ ትልቅ አደጋ ሳይወስድ በትልቅ አዳራሽ ብቻዋን ስትዘፍን ይሰማታል። ሱዛና ግን ፍጹም ሌላ ሥራ ናት። መጋረጃው ሲገለጥ መድረክ ላይ ናት፣ ሲዘጋም እዚያው ናት፤ የጋራ ዜማ ከሆነ እሷ የሌለችበት እምብዛም የለም። ትልቁ አሪያዋ (ብቻዋን የምትዘፍነው ዜማ) የሚመጣው በመጨረሻው ገቢር ነው፣ አድማጩም ዘፋኟም ሦስት ሰዓት ሊሞላቸው ሲል። ሚናው በጣም ከፍ ያሉ ኖታዎችን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መካከለኛ ድምፅ፣ ፈጣን ጣልያንኛ እና ቁጠባ ነው። ልምድ የሌላት ዘፋኝ የምትሰናከለው ሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ የሚሄደውን ፍጻሜ በሙሉ ኃይሏ ዘፍና ለአራተኛው ገቢር የሚተርፋት ያጥራል። ስለዚህ ከባርባሪና ወደ ሱዛና ማለፍ ቤቱ በጽናቷ ተማመነ ማለት ነው፤ የድምፅ መጠን ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ቀጣዩ ደረጃ ኮንቴሳ፣ ማለትም የመስፍኑ ሚስት ናት። የመጀመሪያውን ገቢር በሙሉ ልብስ መልበሻ ክፍል ትቆይና ሁለተኛው ሲከፈት ብቻዋን ቆማ ዝግ ያለ፣ ረጅም ትንፋሽ የሚፈልግ አሪያ ትጀምራለች። ከፊቱ ድምፇን የምታሟሽበት ሬቺታቲቮ (እንደ ንግግር የሚዘፈን ክፍል) እንኳ የለም። የትንፋሽ ጉድለት ካለ እዚያው ይሰማል፤ ኦዲሽን ላይ ይህን አሪያ የሚያስዘፍኑትም ለዚሁ ነው። ረኔ ፍሌሚንግ በ1991 ሜትሮፖሊታን መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው በኮንቴሳ ነው፤ ለታመመችው ፌሊሲቲ ሎት ተተክታ። በዚያው ኦፔራ ያለችው ማርቼሊና ደግሞ ብዙ ጊዜ በዕድሜም በልምድም ለበሰለች ዘፋኝ ትሰጣለች።

ይህ መሰላል ግን ሕግ አይደለም። ኦፔራው ቪየና ላይ ግንቦት 1 ቀን 1786 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሲቀርብ የመጀመሪያዋ ሱዛና ናንሲ ስቶራቼ 20 ዓመቷ ነበር፤ ባርባሪናን የዘፈነችው አና ጎትሊብ 12 ዓመቷ፤ እሷው በ1791 በ17 ዓመቷ የመጀመሪያዋ ፓሚና ሆነች። ያኔ አዳራሹም ኦርኬስትራውም ትንሽ ነበር። ዛሬ ጥያቄው በድምፅ ማጉያ ሳይታገዝ ስንት መሣሪያ አልፎ መሰማት ይቻላል የሚለው ነው። ለሞዛርት ከ30 እስከ 40 ተጫዋች ይበቃል፤ የስትራውስ «ኤሌክትራ» ከ100 በላይ ይፈልጋል። የሠለጠነ ድምፅ፣ በተለይ የወንዶቹ፣ 3,000 ኸርዝ በሚባለው የድምፅ ድግግሞሽ አካባቢ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ኦርኬስትራው እዚያ ላይ ደካማ ስለሆነ ድምፁ ሰንጥቆ ያልፋል። ያ ብልሃት ሳይጠነክር ከባድ ሚና የተቀበለ ሰው በግፊት ይሞላዋል። ምልክቱም የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ለስላሳው ከፍተኛ ኖታ ይጠፋል፣ ቀጥሎ የተያዘ ኖታ መወዛወዝ ይጀምራል።

ስለዚህ መግለጫ ውስጥ የሚናዎቹን ቅደም ተከተል ከነዓመታቸው ይጻፉት። ሚሬላ ፍሬኒ በ1955 በሚካኤላ ጀመረች፤ ሱዛናን፣ ጼርሊናን፣ ሚሚን ይዛ ቆየች፤ ከበድ ያሉትን ዴስዴሞናን በ1970፣ አይዳን በ1979 በሳልዝቡርግ ዘፈነች፤ መድረክ የለቀቀችው በ2005 ነው። ሃምሳ ዓመት! ብሪን ተርፌልም በፊጋሮ ስሙን ካስጠራ በኋላ ከባዱን የዋግነር ሚና ዎታንን የደፈረው በ2004፣ በ39 ዓመቱ ነው። በተቃራኒው የ27 ዓመት ሶፕራኖ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሱዛና እጅግ ከባድ ወደ ሆነው የቱራንዶት ሚና ዘልላ ካዩ እኔ በበኩሌ እሰጋላታለሁ።

የውል ጉዳይ፦

ወደ ገቢው ልምጣ፣ ይህን መግለጫው አይነግርህም።

ቋሚ ዘፋኝ በአብዛኛው የጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ሥርዓት ነው። የወር ደመወዝ አለው፤ በአንድ ወቅት አምስት ስድስት ሚና፣ ትልቁንም ትንሹንም ይዘፍናል። ወጣት ሚና የሚያጠራቅምበት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ውሉ ላይ የድምፅ ምድቡ፣ እነሱ ፋኽ የሚሉት፣ ይጻፋል፤ ቤቱ ከምድቡ ውጭ የሆነ ሚና ሲያሸክመው እምቢ የሚልበት መሠረት ይህ ነው። ይህን መስመር ሳያስጽፍ የፈረመ ወጣት ሰው በጠፋ ቁጥር ለሁሉም ሚና ይታዘዛል፤ ድምፅ የሚደክመውም እንዲህ ነው። ጀርመን ውስጥ ቤቱ ውሉን ማደስ ካልፈለገ በአብዛኛው እስከ ኦክቶበር 31፣ በእኛ ጥቅምት 21 ገደማ፣ ማስታወቅ አለበት። ከ15 ዓመት በላይ በአንድ ቤት የቆየን ደግሞ በቀላሉ ማሰናበት አይቻልም። ስለዚህ ከ13ኛ ወይም 14ኛ ወቅት በኋላ በድንገት «ነጻ ዘፋኝ» የሆነ ሰው ስታይ ድምፁ ወድቆ ነው ብለህ አትፍረድ፤ ቤቱ ከዚያ ገደብ በፊት አሰናብቶት ሊሆን ይችላል።

እንግዳ የሚከፈለው በምሽት ነው። በቁጥር ላሳይህ፣ ለምሳሌ ያህል ብቻ፦ በምሽት 2,000 ዩሮ፣ ስድስት ምሽት፣ ድምሩ 12,000። ወኪሉ 10 በመቶ፣ 1,200 ይወስዳል። ዘፋኙ ጀርመን የማይኖር ከሆነ በምንጭ የሚቀነሰው ግብር 15.825 በመቶ፣ 1,899 ነው። የቀረው 8,901። አዲስ ዝግጅት ከሆነ ስድስት ሳምንት ልምምድና ሦስት ሳምንት ትርኢት አለ፤ ዘጠኝ ሳምንት ነው፣ በሳምንት 989 ዩሮ። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ፣ ጉዞ፣ ሚናውን ያስጠናው አሠልጣኝ እና ኢንሹራንስ ይወጣሉ። ሁለት ምሽት ከታመመ በአብዛኛው ውል የሁለቱ ክፍያ ይቀራል፤ 4,000 ጎደለ ማለት ነው። የድሮ ዝግጅት ተመልሶ ሲቀርብ ልምምዱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ስለሆነ በዚያው ክፍያ የተሻለ ይተርፋል፤ ዘፋኞች አንድን ሚና በደንብ ይዘው ከቤት ቤት የሚዞሩት ለዚህ ነው።

ተጠባባቂ ሚናውን በሙሉ ያጠናል፣ ልምምድ ላይ ተቀምጦ የመድረክ እንቅስቃሴውን በእርሳስ ኖታው ላይ ይመዘግባል፣ በትርኢት ምሽት ሲደወልለት ቶሎ መድረስ ከሚችልበት ርቀት አይወጣም። ክፍያው ከዋናው በጣም ያነሰ ነው፤ ከወጣ ግን የምሽት ክፍያ ይታሰብለታል። ፓቫሮቲ በ1963 ለንደን ኮቨንት ጋርደን ላይ ጁዜፔ ዲ ስቴፋኖን ተክቶ የ«ላ ቦሄም»ን ዋና ሚና ሮዶልፎን መዝፈኑ መንገዱን አሳጥሮለታል። ተጠባባቂ በሌለበት ቤት ጠዋት ስልክ ይደወልና ሌላ ከተማ ያለ ዘፋኝ በባቡር ይመጣል፤ እንቅስቃሴውን ካልደረሰበት መድረኩ ጠርዝ ላይ ከኖታ ማስቀመጫ ጀርባ ቆሞ ይዘፍናል፣ ረዳት አዘጋጁ አልባሳቱን ለብሶ ይተውንለታል።

መጋረጃ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። በዚህ ዝግጅት ባዚሊዮንና ዶን ኩርዚዮን፣ ሁለቱን ትናንሽ ሚናዎች፣ አንድ ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) ነው የሚጫወታቸው፤ ታሪኩ ላይ 30 ዓመት ሙሉ ትናንሽ ሚናዎች ብቻ ናቸው ያሉት። አጭር መስመር ይብቃው? ሌላው፣ አንዷ ዘፋኝ ሦስት ዓመት ባዶ አላት፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

ሦስተኛ ገቢር፦

እባክዎ አያሳጥሩት! ሁለቱን ሚና አንድ ሰው መያዙ ከመጀመሪያው የነበረ ነው፤ በ1786 ማይክል ኬሊ ሁለቱንም ዘፍኗል። ዶን ኩርዚዮ በልማድ የሚንተባተብ ዳኛ ነው፤ በሦስተኛው ገቢር ስድስቱ ሰዎች አብረው ሲዘፍኑ ኮሜዲውን ሳይለቅ ኖታውን በትክክል መያዝ አለበት። ይህን የሚችል ቴነር ቤቶች አይለቁትም። ቻርልስ አንቶኒ ከ1954 እስከ 2010 በሜትሮፖሊታን 2,928 ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቷል፣ በቤቱ ታሪክ ከማንኛውም ብቸኛ ዘፋኝ ይበልጣል፤ አብዛኛው በእንዲህ ዓይነት ሚና ነው። ለእርስዎም ቴነር ስንት ሚና፣ በስንት ቤት፣ ስንት ወቅት እንደሆነ ቆጥረው ይጻፉት።

አጃቢ ፒያኖ፦

ባዶውን ዓመት አትንካው፣ ወንድሜ። ወሊድ ሊሆን ይችላል፣ የድምፅ አውታር ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል፣ የምድብ ለውጥም ሊሆን ይችላል፤ ከሜዞ (ዝቅ ካለው የሴት ድምፅ) ወደ ሶፕራኖ የሚሻገር ሰው ብዙ ጊዜ ሥራ ቀንሶ ነው የሚያጠናው። ከዕረፍቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ሚናዎች ብቻ ከነዓመታቸው አስቀምጥ። የተጠባባቂዎቹንም መግለጫ አሁኑኑ አስመጣ፤ ለሱዛናና ለኮንቴሳ ቢያንስ። የለውጥ ወረቀት የሚታተመው ከትርኢቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሲቀረው ነው፤ በዚያን ሰዓት ወኪል ስልክ አያነሳም።