ዲሰብሊቲ (የአሜሪካ መንግስት ለአካል ጉዳተኛ የሚሰጠው የወር ክፍያ) ላይ ሆኖ የሚሰራ ሰው «በኔ ታክስ» ነው የሚኖረው?

ሸገር_በሲልቨር፦
ትናንት ማታ ላይቭ ውይይቱ ላይ አንዱ ወንድማችን «ዲሰብሊቲ እየተቀበሉ ሥራ የሚገቡት በኔ ታክስ ነው የሚኖሩት፣ ሪፖርት ይደረጉ» ሲል ሰው ሁሉ ልብ ይልክለታል። ተቃጠልኩ። ህጉ ራሱ እኮ ስሩ ነው የሚለው! ኤስኤስዲአይ (ሰርቶ ሶሻል ሴኩሪቲ ሲከፍል ለኖረ የሚሰጠው ዲሰብሊቲ) ላይ ያለ ሰው የ9 ወር የሥራ ሙከራ አለው፣ መስራቱን እስካሳወቀ ድረስ በነዛ ወራት ስንትም ቢያገኝ ቼኩን አይነኩበትም። ምኑን ነው ሪፖርት የምታደርጉት?

ታክስ_ከፋዩ፦
ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። በኔ ታክስ ነው! እኔ ቅዳሜ እሁድ ሳልል ነድቼ ኢንሹራንስ ከኪሴ እከፍላለሁ፣ ጎረቤቴ እንደኔው እየነዳ ሜዲኬይዱ፣ የመንግስት የጤና ኢንሹራንሱ፣ በነፃ። የታል ፍትሁ?

የሜሪላንድ_ነርስ፦
የቱ ታክስህ ነው ወንድሜ? ኤስኤስዲአይ እኮ ሰውየው ሲሰራ ለሶሻል ሴኩሪቲ ከየደመወዙ 6.2 ፐርሰንት ሲቆረጥበት የኖረው ነው፣ አሰሪውም ያንኑ ያህል ከፍሎለታል። ሆቴል ውስጥ ፍራሽ ሲያነሳ ወገቡ የሄደ ሰው የራሱን ነው የሚበላው።

ታክስ_ከፋዩ፦
ኤስኤስአይስ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነው የሚሰጠው? እሱም ተቆርጦበት ነው? ምነው ዘለልሽው

የሜሪላንድ_ነርስ፦
አልዘለልኩም። አዎ እሱ ከመንግስት በጀት ነው። በል አስላ፣ በ2025 ሙሉው 967 ዶላር ነበር። በሱ ብናሰላ፣ ሰውየው በወር 1,085 ቢሰራ 85ቱን ይተዉለትና ከቀረው ግማሹን፣ 500 ዶላር፣ ከቼኩ ይቀንሱበታል፣ 467 ይደርሰዋል። እሱ በሰራ ቁጥር ካንተ ታክስ የሚወጣው አነሰ ማለት ነው፣ እልል ማለት ሲገባህ ታኮርፋለህ

አባ_ቀልቤ፦
ከ500ው ድርሻውን በዜል ላኩለትና ይረፍ 😂

ሚኒሶታ_በረዶ፦
ኧረ ሰውን የሚያስፈራው ቼኩ አይደለም ሜዲኬይዱ ነው። እህቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት፣ የግማሽ ቀን ሥራ አግኝታ «ካርዴን ይወስዱብኛል» ብላ ተወችው። ለካ 1619 ቢ የሚባል የኤስኤስአይ ህግ አለ፣ ደመወዝሽ ጨምሮ ቼኩ ዜሮ ቢገባ እንኳ የስቴቱን ጣሪያ እስካላለፍሽ ሜዲኬይዱ ይቀጥላል። ይሄን ማን ነገራት? ማንም! ስለ ሪፖርት የሚያወራ ግን ሞልቷል

ሸገር_በሲልቨር፦
ሜዲኬርም፣ ኤስኤስዲአይ ላይ ያሉት የሚያገኙት የጤና ኢንሹራንስ፣ እንደዛው ነው፣ ከሙከራው 9 ወር በኋላ ቢያንስ 93 ወር ይቆያል

ታክስ_ከፋዩ፦
እናንተ ቁጥር ጥቀሱ፣ እኔ በአይኔ የማየውን ነው የማወራው። ሬስቶራንት ጓዳ በካሽ የሚሰሩትስ? እነሱም 1619 ምናምን ናቸው?

የሜሪላንድ_ነርስ፦
በካሽ የሚያሰራቸው ባለቤቱስ? እሱን ሪፖርት አድርጉ ስትል አልሰማንም። እሁድ እሁድ እሱ ጋ ክትፎ እየበላህ

ታክስ_ከፋዩ፦
ጾም ላይ ነኝ፣ ክትፎ አትጥሪብኝ። ደሞ የት እንደምበላ ማን ነገረሽ

አባ_ቀልቤ፦
በጾም ሰው ሪፖርት ማድረግስ ይፈቀዳል?

ዳላስ_ነኝ፦
ሰው ለምን በካሽ እንደሚሰራ ልንገራችሁ። ኤስኤስአይ ላይ ያለ ብቸኛ ሰው ባንክ ውስጥ ከ2,000 ዶላር በላይ ከተገኘበት ቼኩ ይቆማል። ይቺ 2,000 ከ1989 ጀምሮ አልተነቃነቀችም! አሁን በ2,000 ዶላር ምን ይደረጋል? ኪራይ ከነዲፖዚቱ አይሸፍንም። ሰውን ፍራሽ ስር እንዲደብቅ አስገድደው መልሰው ሌባ ይሉታል

ታክስ_ከፋዩ፦
ህጉ መጥፎ ከሆነ ይሰረቅ ነው የምትለው?

ዳላስ_ነኝ፦
ይሰረቅ አልኩ? የታለ አሳየኝ

ሸገር_በሲልቨር፦
ኤብል አካውንት አለ እኮ፣ እስከተወሰነ መጠን 2,000ው ውስጥ የማይቆጠር የአካል ጉዳተኛ ቁጠባ፣ ድሮ ጉዳቱ ዕድሜው 26 ሳይሞላ ለጀመረው ብቻ ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ ዕድሜው ወደ 46 ከፍ ብሏል። ብቻ በየወሩ ፔይ ስታባችሁን (የደመወዝ ወረቀታችሁን) ለሶሻል ሴኩሪቲ ላኩ፣ የላካችሁበትንም ማስረጃ እንዳትጥሉ

ሚኒሶታ_በረዶ፦
አንድ ጥያቄ፣ ኡበር ሲሆን ለኤስኤስአይ የሚቆጠረው ጠቅላላው ነው ወይስ ወጪ ተቀንሶ?

የሜሪላንድ_ነርስ፦
የራስ ሥራ ስለሆነ ኔቱ ነው፣ ቤንዚንና ጥገና ምናምን ተቀንሶ

ታክስ_ከፋዩ፦
ይኸው! ቤንዚኑንም እኔ ልቅዳለት?

የሜሪላንድ_ነርስ፦
አንተስ ታክስ ስታሰራ የነዳኸውን ማይሌጅ ከገቢህ አታስቀንስም?

ታክስ_ከፋዩ፦
እሱ ሌላ ነው