ለቤት ውስጥ ፖከር ምን ዓይነት ጠረጴዛ ላሠራ?

የቅዳሜ ማታ (ፍኖተ ሰላም)፦
ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ማታ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እቤቴ ፖከር እንጫወታለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ስምንት እንሆናለን። የምንጫወተው በገንዘብ ሳይሆን በሽምብራ ስለሆነ የሚያጣላን ጉዳይ የለም፤ ያስቸገረን የምግብ ጠረጴዛው ነው። ፊቱ ፎርሚካ በመሆኑ ካርታው ሲታደል ተንሸራትቶ መሬት ይወድቃል፣ ገጹ የታየውን ካርታ ምን እናድርገው በሚል ክርክርም ጨዋታው ይቆማል። ሳሎኔ 4 ሜትር በ3.5 ሜትር ነው። ሞላላ ይሻላል ወይስ ክብ? ፊቱስ ምን ይልበስ?

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
ሞላላው በፎቶግራፍ ያምራል እንጂ ለእርስዎ ሳሎን አይሆንም። ለአሥር ሰው የሚሠራው ርዝመቱ 2.10 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለወንበርና ለመተላለፊያ በየጎኑ 90 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርበት 3.90 ይደርሳል፤ ሶፋውን የት ሊያደርሱት ነው? ከዚህም በላይ ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት አምስቱ የጋራ ካርታዎች መሃል ላይ ስለሚዘረጉ፣ በሞላላው ጫፍና ጫፍ የተቀመጡት አንገታቸውን እያሰገጉ ነው የሚያመሹት። ክብ ያሠሩ። አንድ ተጫዋች ተመችቶት እንዲቀመጥ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ ያስፈልገዋል፤ ስፋቱ 1.40 ቢሆን ዙሪያው 4.40 ሜትር ስለሚመጣ ሰባት ሰው ይይዛል፣ ስምንተኛው ሲመጣ ጠጋ ጠጋ ትላላችሁ።

ዋንዛው (ደብረ ማርቆስ)፦
ሥራዬ አናጺነት ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ኮምፔንሳቶ ወርዱ 1.22፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 1.40 ስፋት ያለው ክብ ከአንድ ወርድ አይወጣም፣ መቀጠል ግድ ይሆናል፣ ቅጥሉም ከጊዜ በኋላ በጨርቁ ሥር ይታወቃል። እኔ ብሆን ስምንት ማዕዘን አደርገዋለሁ። ከጎን እስከ ጎን 1.20 ከሆነ እያንዳንዱ ጎን 50 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ስምንት ሰው እያንዳንዱ በየጎኑ ይቀመጣል፣ ለአናጺውም ቀጥ ያለውን መቁረጥ ክቡን ከመቁረጥ ይቀላል። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዋንዛውን ለጠርዙና ለእግሩ ብቻ ያስቀምጡት፤ በጨርቅ ለሚሸፈን ፊት ዋንዛ ማዋል ማባከን ነው። ጣውላው መድረቁን ሳያረጋግጡ አይቀበሉ፤ በክረምት እርጥብ እንደሆነ የተገጠመ ጠርዝ በበጋው ሲደርቅ መጋጠሚያው ይከፈታል። ባሕር ዛፍማ ይጣመማል።

ስፖንጁን በተመለከተ ብዙ ሰው በወፈረ ቁጥር የሚሻል ይመስለዋል። ጥቅሙ ግን ጣት ከካርታው ሥር ገብቶ እንዲያነሣው ብቻ ስለሆነ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ወፍራሙ ሽምብራዎን ይውጠዋል፣ ብርጭቆም ያዘምማል። ጨርቁ ሲያረጅ እንዲቀየር፣ በማስቲሽ ከመለጠፍ ይልቅ ወደ ሥር ተወጥሮ በስቴፕል ይመታ።

ቡና አፍዪ (ዳንግላ)፦
እኔ ሌላ ጠረጴዛ ማሠራቱ አይታየኝም። እኛ ቤት ያሠራነው እግር የሌለው ፊት ብቻ ነው፤ በምግብ ጠረጴዛው ላይ እንጥለዋለን፣ ሲያልቅ ከበር ጀርባ ይቆማል። መጀመሪያ ያለበስነው አረንጓዴ ፌልት ሦስተኛ ቅዳሜው ላይ ቡና ፈሰሰበትና እድፉ እስከ ዛሬ አለቀቀም። ውኃ ቶሎ የማያሰርግ ፖሊስተር ይፈልጉ፤ ሲፈስበት በጨርቅ ይጠረጋል፣ ካርታውም እንደ ፎርሚካው ሳያመልጥ በልኩ ይንሸራተትበታል።

የቅዳሜ ማታ፦
እኅቴ፣ ሐሳቡን ወድጄው ነበር፤ የምግብ ጠረጴዛዬ ግን 1.80 በ0.90 ነው። 1.20 የሆነውን ፊት መሃሉ ላይ ብጥለው በወርዱ በኩል 15 ሳንቲ ሜትር ወጣ ይላል፣ በርዝመቱ በኩል ግን ሁለቱም ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፣ እዚያ የሚቀመጡት ሁለቱ ሰዎች ካርታቸው አይደርስላቸውም። ስምንት ማዕዘኑን ከነእግሩ ላሠራው ነው። እግሩ የሚታጠፍ ቢሆን ይወዛወዛል?

ዋንዛው፦
ከአራቱም እግሮች ላይ መወጠሪያ ካልተደረገ ይወዛወዛል። ቁመቱን 75 ሳንቲ ሜትር ያድርጉት፣ እግሮቹም ከጠርዙ ገባ ይበሉ፤ አለዚያ የሰው ጉልበት ይመታሉ።