ልጄን ለቶንሲል ኦፕራሲዮን እንዴት ላዘጋጀው?

እናቶች፣ አባቶች፣ እስቲ እርዱኝ። የአምስት ዓመት ልጄ ማክሰኞ ቶንሲሉ ይወጣለታል፤ ከአፍንጫው ጀርባ ያለው አዴኖይድም አብሮ። ሌሊት አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ድንገት ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ከዚያ ከውሃ እንደወጣ ሰው አየር ይስባል። እኔም እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ አነጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቀጠሮው ተበላሽቶብናል። ኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት ሲቀረው ምግብ፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ደግሞ ውሃ እንዲያቆም ተነግሮኝ ነበር። ማደንዘዣ ሲሰጠው ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ወጥቶ ሳንባው እንዳይገባ ነው። እኔ ቦርሳ ሳዘጋጅ አያቱ "ልጅ በባዶ ሆዱ!" ብለው ወተት የነካ ዳቦ አጉርሰውታል። ሹራቡ ላይ ፍርፋሪ ባላይ ኖሮ አላውቅም ነበር። ሐኪሙ መለሰን። እሳቸው ግን አሁንም "እንጥሉን ብታስቆርጪው ይበቃው ነበር" ይላሉ። እሱንስ በጭራሽ!

አሁን የጨነቀኝ ልጁ ነው። "መርፌ አለው?" ሲለኝ "የለውም" ብዬ ዋሸሁት። እሱ ደግሞ ነገር አይረሳም። እውነቱን አሁኑኑ ልንገረው ወይስ ሰኞ ማታ? ጠዋት ርቦት ሲያለቅስስ በምን አባበላችሁት? ጉሮሮው አሞት "አልጠጣም" ሲልስ? ፈሳሽ ካልወሰደ ሰውነቱ ይደርቃል ተብያለሁ። አይስክሬም ይላሉ፤ የእኔ ልጅ ግን ቀዝቃዛ ነገር አይወድም። ለብ ያለ አጥሚት ሰጥቶ የተሳካለት አለ?

አያቱንስ የት ላድርጋቸው?