የአያቴ ጨሌ፦ ማስታወሻ ነው ወይስ ጣዖት?

ጠያቂ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አያቴ ካረፈች 40 ቀን አለፈ። ሣጥኗን ስንከፍት ከነጠላዋ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ጨሌ አገኘን። ለመንፈስ የሚገበርበት ቀይና ጥቁር ዶቃ ነው፤ ቅቤ የጠጣ፣ እስካሁን ዕጣን ዕጣን የሚል። አያቴ ኪዳን የማታስታጉል፣ ሁዳዴን ሳትጾም ያላለፈች ሴት ነበረች። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ቡና አፍልታ በሩን ትዘጋ ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እናቴ «ይቃጠል» ትላለች። እኔ ግን እጄ እምቢ አለኝ። የአያቴን ነገር በደፈናው መናቅ አልፈልግም። ልበ ሰፊ መሆንና ጣዖት ማስቀመጥ የሚለያዩት የቱ ጋ ነው?

መልስ 1፦ እግዜር ያጽናሽ እህቴ። የነሐሱን እባብ አስቢው። ሙሴ የሠራው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፤ ዘኁልቁ 21 ላይ አለ። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ሕዝቡ ያጥንለት ጀመር፤ ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው። ዕቃው ያው ነው። የተለወጠው ሰዉ ከሱ የሚጠብቀው ነገር ነው። አንቺስ ከዶቃው ምን ትጠብቂያለሽ?

መልስ 2፦ እኔ ብሆን አላስቀምጠውም። እኛም ቤት ጨሌ ነበር። «ከጣልነው ልጅ ይታመማል» እየተባለ ስንት ዓመት ፈራነው። ፍርሃቱ ራሱ ስግደት ነው። ሥዕለ አድኅኖ ፊት ስቆም ልቤ ወደ ክርስቶስ ይሄዳል። ጨሌው ግን ቡናውንም ደሙንም ለራሱ ነበር የሚፈልገው።

ጠያቂ፦ እውነቱን ልንገራችሁ። ትናንት ልጄን ሲያተኩሰው መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ዶቃው ነው። ነጠላዋን አስቀርቻለሁ። ጨሌውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ወስጄ አሳያቸዋለሁ።